ባለፈው የትኛው ጡት ነበር?

ልጄ በተወለደች በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ፣ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ስቅስቅ ብዬ አለቅስ ነበር። ልጅቷ እቅፌ ውስጥ ሆና አፏን ወዲያ ወዲህ እያዞረች ጡት ትፈልጋለች፣ እኔ ደግሞ ባለፈው ያጠባኋት በቀኙ ይሁን በግራው ማስታወስ አቃተኝ። ምክንያቱ በቃ ይሄ ነበር። ባለቤቴ ደንግጦ ተነስቶ "ምን ሆንሽ፣ አመመሽ እንዴ?" ሲለኝ "የትኛው እንደነበር ጠፋኝ" አልኩት፣ "ምኑ?" አለኝ፣ እሱን ማስረዳት ራሱ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ።

ያን ሌሊት ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ደክሟት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፣ ደክሞኝም ነበር፣ ግን ቆይቼ ሳስበው እነዛን ወራት ያከበደብኝ ማጥባቱ ወይ ዳይፐሩ ወይ ሌሊት መነሳቱ ብቻ አልነበረም፣ ሁሉንም ነገር በጭንቅላቴ ይዤ መዞሬ ነው። መቼ ጠባች፣ ስንቴ ሸናች፣ ዳይፐር ስንት ቀረ፣ ክትባቱ መቼ ነው፣ እትብቷ ለምን እስካሁን አልወደቀም፣ ማን ደውሎልኝ ነው ያልመለስኩለት... እጄ አረፍ ቢል እንኳን ጭንቅላቴ አያርፍም። ስለዚህ ዛሬ ምፅፍላችሁ ከጭንቅላቴ ላይ ያወረድኳቸውን ነገሮችና እንዴት እንዳወረድኳቸው ነው።

በማግስቱ ታላቅ እህቴ መጣችና የሌሊቱን ነገርኳት። ምክር ልትሰጠኝ ነው ብዬ ስጠብቅ የፀጉሯን ላስቲክ ፈትታ ግራ እጄ ላይ አጠለቀችልኝ። "አሁን ምታጠቢው በግራ ነው፣ ስትጨርሺ ላስቲኩን ወደ ቀኝ እጅሽ አዙሪው፣ ከዚህ በኋላ ማስታወስ የሱ ስራ ነው" አለችኝ። ጥቁር፣ ትንሽ የላላ ላስቲክ ነው። ያን ቀን ስድስት ሰባቴ አዞርኩት መሰለኝ፣ ማታ ላይ ግን ከትከሻዬ ላይ የሆነ ነገር የወረደ ያህል ተሰማኝ፣ ምክንያቱም ቢያንስ አንዷን ጥያቄ ከእንግዲህ ለራሴ አልጠይቅም። ከዛ በኋላ "ሌላስ ምን ከጭንቅላቴ ማውጣት እችላለሁ?" ማለት ጀመርኩ።

መጀመሪያ የወጣው "ጠግባ ይሆን?" የምትለዋ ነች። ጡት ምታጠባ እናት ሁሉ ይቺን ጥያቄ ታውቃታለች፣ ጡጦ ላይ ስንት እንደጠጣ ይታያል፣ ጡት ላይ አይታይም። እኔማ በሁለተኛው ቀን ወተት የለኝም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ማንም ቀድሞ ያልነገረኝ ነገር ቢኖር ወተቱ ሞልቶ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ መሆኑን ነው፣ እስከዛ ያለው እንገር ነው፣ ጥቂት ነው፣ ግን ለህፃኑም የሚበቃው ያው ጥቂቱ ነው፣ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጊዜ ሚወስደው ከ2 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። ይሄን ቁጥር ያኔ ባውቀው ኖሮ አንድ ሙሉ ቀን ለቅሶ ይቀርልኝ ነበር።

አዋላጇ ነርስ ስታየኝ ሦስት ነገር ብቻ እይ አለችኝ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ትጠባለች ወይ? ከ5ኛው ቀን በኋላ በቀን 6 ወይ ከዛ በላይ በሽንት የረጠበ ዳይፐር አለ ወይ? ክብደቷስ? (ህፃናት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት ይቀንሳሉ፣ እስከ 7 በመቶ፣ አንዳንዴም ወደ 10 ሊጠጋ ይችላል፣ አብዛኞቹ ግን በ2 ሳምንት ውስጥ ወደተወለዱበት ይመለሳሉ።) ሦስቱ ደህና ከሆኑ ጠግባለች ማለት ነው። ያንን በትንሽ ደብተር ላይ በጭረት በጭረት መያዝ ጀመርኩ። ከዛ በፊት በስልኬ አፕ ላይ ስንት ደቂቃ ጠባች፣ ስንት ደቂቃ ተኛች እያልኩ እመዘግብ ነበር፣ እሱ ግን ጭራሽ አባሰብኝ፣ ግራፉ ወረድ ባለ ቁጥር ልቤ አብሮ ይወርዳል። ክብደቷ ሲመለስ ነርሷ "አሁን ደብተሩን ተይው" አለችኝ፣ ተውኩት። መመዝገብ ለሚጠቅምበት ጊዜ ብቻ ነው ባይ ነኝ።

ማታ ማታ ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ ልጥባ ስትል፣ ወተቴ አለቀ ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ብዙ ህፃናት አመሻሽ ላይ እንዲህ ደጋግመው ይጠባሉ፣ በተለይ ፈጣን እድገት ላይ ሲሆኑ፣ ጡትም ብዙ በተጠባ ቁጥር ብዙ ያመርታል። እኔ ለዛ ሰዓት ብዬ አንድ ወንበር አዘጋጀሁ፣ አጠገቡ ትልቅ የውሃ ጠርሙስ፣ የሚበላ ነገር፣ የስልክ ቻርጀር፣ ንፁህ ጨርቅ። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ልጅ ጡት ላይ እያለች ውሃ ጠምቶሽ ውሃው ሁለት ሜትር ርቆ ሲታይሽ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰባት ታውቀዋለች። ማጥባቱ በጣም ሚያም ከሆነ ግን "ይለመዳል" ብላችሁ ጥርስ አትንከሱ። ትንሽ መቆጥቆጥ መጀመሪያ ላይ አለ፣ እያደማ ያለ ጡት ግን አብዛኛውን ጊዜ ህፃኑ ጫፉን ብቻ ስለያዘ ነው፣ አፉን ሰፋ አድርጎ ከፍቶ ጠቆር ያለውንም ክፍል አብሮ መያዝ አለበት፣ አገጩም ጡቱን መንካት አለበት። እኔን ነርሷ አንዴ በእጇ አስተካክላ ስታሳየኝ ነው የገባኝ፣ አስር ቪዲዮ አይቼ ግን አልገባኝም ነበር።

እንቅልፍ ላይ ልምጣ። "ልጅ ሲተኛ አብረሽ ተኚ" ያላላችሁ ሰው አለ? እኔ ሁሉም ሰው ብሎኛል፣ በቅንነት ነው፣ ለሚሳካላት እሰየው። ለኔ ግን አልሆነም። እሷ ስትተኛ እኔ ትንፋሿን አዳምጣለሁ፣ አሁን ትነሳለች አሁን ትነሳለች እያልኩ፣ ልክ ድንዝዝ ሲያደርገኝ ትነሳለች። የኔ እንቅልፍ ሊመጣ የቻለው ሌላ ሰው ነቅቶ ኃላፊነቱን ሲወስድ ብቻ ነው። ስለዚህ ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርንና ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት የሱ ተረኛነት ሆነ፣ እኔ ሌላ ክፍል በር ዘግቼ እተኛለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያው ልጅቷ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ መጥባት ስላለባት ያመጣልኛል፣ አጠባለሁ፣ ግን እኔ ምሰራው ማጥባት ብቻ ነው፣ ማስገሳቱ፣ ዳይፐሩ፣ ማስተኛቱ የሱ ነው፣ እኔ መብራት እንኳን አላበራም። ከአንድ ወር በኋላ ማጥባቱ መስመር ሲይዝ ደግሞ በቀን የታለበ ወተት በጡጦ አንዴ ይሰጣት ጀመር (የታለበ ወተት ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል) እና እኔ አምስት ሰዓት ሙሉ ሳልቆራረጥ ተኛሁ። የመጀመሪያው ቀን ስነሳ ክፍሉ ራሱ ብሩህ ሆኖ ታየኝ። በተቆራረጠ ስምንት ሰዓትና ባልተቆራረጠ አምስት ሰዓት መሀል ምረጪ ብትሉኝ ሁለቴ አላስብም፣ አምስቱን ነው።

ባል የሌላት ወይ ባሏ ሌሊት ሚሰራ እናት እንዳለች አውቃለሁ። እናት ትሁን፣ እህት፣ ጓደኛ፣ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳን ያንን አምስት ሰዓት ሚይዝላት ሰው መፈለግ ከየትኛውም የህፃን እቃ በፊት ይቀድማል ብዬ ነው ማምነው።

ሌላው በጣም የረዳኝ፣ ህፃን ተኝቶም ድምፅ እንደሚያሰማ ማወቄ ነው። ያቃስታል፣ ይንጠራራል፣ ፊቱን ያኮማትራል፣ አንዳንዴ ትንሽ አልቅሶ መልሶ ይተኛል። የአራስ ልጅ እንቅልፍ ግማሽ የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው። እኔ ግን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ዘልዬ አነሳት ነበር፣ ለካ ስንት ጊዜ ተኝታ እያለች ቀስቅሻታለሁ። ከዛ በኋላ አንድ ደቂቃ መጠበቅ ለመድኩ፣ አይኔን ሳልገልጥ እስከ ስልሳ እየቆጠርኩ። ግማሹን ጊዜ ስልሳ ሳልደርስ ዝም ትላለች። ቀንና ሌሊት የመለየቱ ነገር ደግሞ እስከ 2 እና 3 ወር ገደማ ቀስ እያለ ነው ሚመጣው፣ ቀን መጋረጃውን ክፍት ማድረግ፣ ሌሊት ደግሞ ደብዘዝ ያለ መብራትና ወሬ መቀነስ ትንሽ ያግዛል፣ ተአምር ግን አትጠብቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ኮስተር ብዬ ልበል። ስታጠቡ እንቅልፍ ሊጥላችሁ እንደሆነ ከተሰማችሁ ሶፋ ላይ አትሁኑ። ሶፋ ላይ ልጅ አቅፎ እንቅልፍ መውሰድ ከሁሉም አደገኛው ነው። ህፃን ሁልጊዜ በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ፣ አጠገቡ ትራስም አሻንጉሊትም የላላ ብርድ ልብስም ሳይኖር ነው መተኛት ያለበት። ድካም ሰውን የት እንደሚጥለው አይታወቅም፣ ስለዚህ ቀድሞ ማሰብ ነው።

ለቅሶው ሌላ ነው። የህፃን ለቅሶ ከ2ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ በ6ኛው ሳምንት አካባቢ ጣሪያ ይነካል፣ ከዛ በ3 እና 4 ወር ይቀንሳል። ይሄ ጤነኛ የሆኑ ህፃናት ላይ ሚታይ ነገር ነው። እኔ ይሄን ስሰማ ልጄ ስድስተኛ ሳምንቷ ላይ ነበረች፣ በየምሽቱ ከ12 ሰዓት ጀምሮ እስከ 3 ሰዓት ታለቅሳለች፣ ጠብታለች፣ ዳይፐሯ ደረቅ ነው፣ ትኩሳት የላትም፣ ግን ታለቅሳለች። አንድ ማታ ብቻዬን ነበርኩ። እያወዛወዝኳት ክንዴ ጠንከር እያለ መምጣቱን አየሁ፣ ጥርሴን ነክሻለሁ፣ ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል። ፈራሁ። ራሴን ነው የፈራሁት። አልጋዋ ላይ በጀርባዋ አስተኛኋት፣ በሩን ገርበብ አድርጌ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፣ ቧንቧውን ከፍቼ ቀዝቃዛ ውሃ እጄ ላይ እንዲወርድ አደረግኩ። ለቅሶዋ በውሃው ድምፅ ውስጥ ራቅ ብሎ ይሰማኛል። አምስት ደቂቃ ቆየሁ፣ በሰዓት። ስመለስ እሷ አሁንም ታለቅሳለች፣ እኔ ግን ሌላ ሰው ነበርኩ፣ ትከሻዬ ወርዷል፣ ደረቴ ላይ አስተኝቻት ቀስ ብዬ መዞር ጀመርኩ።

ያን አምስት ደቂቃ ለረጅም ጊዜ አፍሬበት ለማንም አልነገርኩም ነበር። በኋላ ለሀኪም ስነግረው ማድረግ ያለብሽን ነው ያደረግሽው አለኝ። ህፃን አልጋው ላይ ሆኖ አምስት አስር ደቂቃ ማልቀሱ አይጎዳውም፣ በንዴት መናጥ ግን አእምሮው ላይ የማይመለስ ጉዳት ያደርሳል፣ ሊገድለውም ይችላል። ልጁን ሚይዝ ሰው ሁሉ፣ አባትም አያትም ሞግዚትም፣ ይሄን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲያውቅ እፈልጋለሁ። አስቀምጦ መውጣት ይቻላል።

እርዳታን በተመለከተ፣ ሰው ክፉ አይደለም፣ ሁሉም "ሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ንገሪን" ይላል። ችግሩ ምን እንደሚያስፈልግ ማሰብ፣ ለማን እንደሚነገር መምረጥ፣ ከዛ ደግሞ መጠየቅ፣ እሱ ራሱ አንድ ሙሉ ስራ ነው፣ እንቅልፍ አጥታ ላደረች እናት ከባድ ስራ። እኛ ፍሪጅ ላይ ወረቀት ለጠፍን። ልብስ ማጠብ፣ እቃ ማጠብ፣ ሚበላ ነገር ማምጣት፣ ዳይፐር መግዛት፣ ልጅቷን ይዞ አንድ ሰዓት እኔን ማስተኛት። የመጣ ሰው አይቶ አንዱን ይመርጣል፣ ሲጨርስ ይሰርዘዋል። መጀመሪያ ላይ ጨነቀኝ፣ እንግዳን ስራ ማዘዝ ነውር መስሎኝ፣ ግን ሰዎቹ ደስ ነው ያላቸው፣ ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገብቷቸው ነበር ለካ። ብዙ ጊዜ ሚሆነው እንግዳው ልጅ ይዞ ይቀመጣል፣ የወለደችው ተነስታ ታስተናግዳለች። መሆን ያለበት ተገላቢጦሹ ነው። ለጠያቂ ሁሉ በራሷ መልስ መስጠት የለባትም ደግሞ፣ ስልኩን ለሌላ ሰው ስጡት፣ ግሩፖቹን ሚውት አድርጉ፣ "ደህና ነን፣ ስንችል እንጠራችኋለን" ሚል አንድ መልእክት ይበቃል።

ከባለቤቴ ጋር ግን ዝርዝር አልሰራም። "ምን ልስራ?" ሲለኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ እናደድ ነበር፣ ለምን እንደምናደድ ራሱ አይገባኝም ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ፣ ምን እንደሚሰራ ማሰቡ አሁንም እኔው ጋ ነው። ስለዚህ ስራ መስጠት ትተን ኃላፊነቱን ተከፋፈልን። ማጥባቱ የኔ። ገላ ማጠቡ፣ ዳይፐሩ፣ የሀኪም ቀጠሮና ክትባቱ የሱ፣ ከነሀሳቡ፣ ማለትም ዳይፐር ሊያልቅ መሆኑን ማወቅም የሱ ነው። እኔ ደግሞ ልብሷን ገልብጦ ሲያለብሳት ዝም ማለትን ተማርኩ። ከባድ ነበር። ግን ሳስተካክለው እሱ እየተወው እንደሚሄድ አየሁ፣ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተመልሶ እኔው ጋ ይመጣል።

ዶናልድ ዊኒኮት የሚባል እንግሊዛዊ የህፃናት ሐኪምና የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ "በቂ የሆነች እናት" የሚል ሀሳብ አምጥቶ ነበር፣ ህፃን ፍፁም እናት እንደማያስፈልገው፣ እንዲያውም ቀስ በቀስ ትንሽ ትንሽ ማጉደሏ ለእድገቱ እንደሚረዳው። ይሄን ያነበብኩ ቀን ያልታጠፈውን የልብስ ክምር አየሁትና በሩን ዘጋሁበት።

ስለ ስሜት ደግሞ ሳልናገር ብቀር ቅር ይለኛል። የእንግዴ ልጁ እንደወጣ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉት ሆርሞኖች በጥቂት ቀናት ውስጥ በጣም ይወርዳሉ፣ ለዛ ነው በ3ኛው በ4ኛው ቀን ያለምክንያት እንባ እንባ ሚለን፣ አብዛኛዋን እናት ያጋጥማታል፣ በ2 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ካለቀቀ ግን ሌላ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ዙሪያ ከወለዱ እናቶች 13 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይ ድባቴ ያጋጥማቸዋል። እኔ አምስተኛው ሳምንት ላይ ማልቀስ አቁሜ ነበር፣ ሰው ሁሉ ተሻላት አለ፣ ውስጤ ግን ምንም አይሰማኝም፣ ልጄን ሳያት የሌላ ሰው ልጅ እንደምጠብቅ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ቀጠሮ ላይ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴን ለመለየት እ.ኤ.አ. በ1987 ኤዲንብራ፣ ስኮትላንድ የተዘጋጀውን 10 ጥያቄ ሰጡኝ፣ አምስት ደቂቃ አይወስድም፣ በሀቅ መለስኩት፣ እና እዛ ቁጭ ብዬ መጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተናገርኩ። ከባለሙያ ጋር ለወራት አወራሁ። ይታከማል፣ መድኃኒት ቢያስፈልግ ደግሞ እያጠቡ ሚወሰዱ አሉ። ልጇን ወይ ራሷን የመጉዳት ሀሳብ የመጣባት እናት ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ በዛው ቀን፣ በዛው ሰዓት ለሰው ትንገር፣ ብቻዋንም አትሁን።

ሌሊት ስልክ ላይ በሽታ መፈለጉንም በዚሁ ነው የተውኩት። ጥያቄ ሲመጣብኝ ደብተር ላይ ፅፌ ጠዋት እጠይቃለሁ። እንዲህ ማድረግ የቻልኩት ግን ለጠዋት ማይቆዩትን ለይቼ በወረቀት ስለፃፍኳቸው ነው። ለልጅ፣ ከ3 ወር በታች ሆና 38 ዲግሪና ከዛ በላይ ትኩሳት፣ ለመተንፈስ መቸገር፣ መጥባት እምቢ ማለት፣ ለመቀስቀስ ማስቸገር። ለኔ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፓድ ሙሉ በሙሉ ሚያረጥብ ደም፣ ትኩሳት፣ ማይለቅ ኃይለኛ ራስ ምታት ወይ አይን ብዥ ማለት፣ የአንድ እግር ማበጥና ህመም፣ የደረት ህመም ወይ ትንፋሽ ማጠር። ደም ግፊት ከወሊድ በኋላም ለሳምንታት ሊነሳ ስለሚችል ራስ ምታቱን በድካም አታሳቡ። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ ቢያንስ 4 ጊዜ መታየት አለባችሁ ይላል፣ በመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን፣ እና በ6ኛው ሳምንት። የልጁን ቀጠሮ ጠብቀን የራሳችንን እንዘላለን፣ እኔም አንዱን ዘልዬ ነበር።

እርጉዝ ሆናችሁ ይሄን ምታነቡ ካላችሁ ወረቀቶቹን አሁን ፃፏቸው፣ ስምንተኛ ወር ላይ እጅም ጭንቅላትም ይሰራል። የፍሪጁን ዝርዝር፣ ለጠዋት ማይቆዩትን ነገሮች፣ ሌሊት ቢደወልላቸው ሚያነሱ ሁለት ሰዎችን ስልክ ቁጥር። አምስቱን ሰዓት ማን እንደሚይዝላችሁም አሁኑኑ በስም ጠይቁት፣ "ያው እንረዳዳለን" በሚል አትተዉት። የፀጉር ላስቲክ ደግሞ ሁለት ያዙ፣ አንዱ አልጋ ውስጥ ይጠፋል።